ሽታው ቀድሞ ወጣ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከቴል አቪቭ ወደ ርሖቮት በሚሄድ የሕዝብ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪዎቹ ግራ ገባቸው። አንድ ነገር ይሸታል፤ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ሽታው የሚወጣው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ከነበሩ አንድ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ቦርሳ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ከሊባኖስ በኮንትሮባንድ ገብቶ ፖሊስ የያዘው አምስት ኪሎ ሐሺሽ አለ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ራፋኤል መሹላም ይባላሉ። ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ ተወልደው በ1949 ወደ እስራኤል የገቡ ናቸው። ሐሺሹን ያገኙበት መንገድ ዛሬ ሲነገር ቀልድ ይመስላል። የሚሠሩበት የርሖቮቱ ዊዝማን ኢንስቲትዩት የአስተዳደር ኃላፊ ፖሊስ ቤት ለሚያውቁት ሰው ስልክ ደወሉ። ከወዲያ በኩል የተጠየቀው ሰውየው የሚታመኑ ናቸው ወይ የሚል ብቻ ነበር። ናቸው ተባለ፤ አለቀ። ፈቃዱ ከጤና ሚኒስቴር መምጣት እንደነበረበት የታወቀው ኋላ ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ሕግ ጥሰው ተገኙ፤ ይቅርታ ተጠይቆ ነገሩ በዚያው በረደ።

መሹላምን የገረማቸው አንድ ክፍተት ነበር። ሞርፊን ከኦፒየም ተለይቶ ከወጣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኮኬይን ከኮካ ቅጠል ከወጣም መቶ ዓመት ሞልቶታል። ካናቢስ ውስጥ ያለው፣ ሰውን የሚያሰክረው ነገር ግን በውል አልታወቀም። ምክንያቱ ጠባዩ ነው። ሞርፊንና ኮኬይን እንደ ጨው ፍሬ ሆነው ይረጋሉ፤ የካናቢሱ ዘይት ነው፤ ያጣብቃል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይደባለቃል፣ አልለይም ይላል።

ሙከራው ቀደም ብሎ ነበር የተጀመረው። በ1896 ካምብሪጅ ውስጥ ውድ፣ ስፓይቪና ኢስተርፊልድ የተባሉ ሦስት ኬሚስቶች የሕንድ ቻራስ፣ ማለትም የካናቢስ ሙጫ፣ አፍልተው እንፋሎቱን እየለዩ ሰበሰቡ። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል፤ ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይዘገያል። እዚያም መጀመሪያ በ160 ዲግሪ ገደማ ቀጭን ዘይት ወጣ። ቀጥሎ በ260 ገደማ ወፈር ያለ ሌላ ዘይት መጣ። በመጨረሻ፣ አየሩ ተመጥጦ ግፊቱ ሲቀንስ፣ ቀይ ዘይት ተንጠባጠበ። ኬሚስቶቹ ጉልበታቸውን በቀዩ ላይ አዋሉ፤ ከእነሱ በኋላ የመጣው ሁሉ የተከተለውም እሱኑ ነው። ቀድመው የወጡት ሁለቱ ተመዘገቡና ታለፉ። ስማቸው ተርፒን ነው፤ የካናቢስ ሽታ የሚባለው አብዛኛው እነሱ ናቸው።

ርሖቮት የገባውም ሐሺሽ ዕጣው ይኸው ሆነ። መሹላምና ባልደረባቸው የሂኤል ጋኦኒ ሐሺሹን በሟሟ ዘፈዘፉት፤ የወጣውን ፈሳሽ ነጭ ዱቄት በሞላው ረጅም የመስታወት ቱቦ ውስጥ ደጋግመው አንጠባጠቡት። በየደረጃው የሚወርደውን ለብቻ እየቀዱ፣ የማይፈለገውን እየጣሉ፣ በ1964 የሚያሰክረውን ነገር፣ ቲ.ኤች.ሲን፣ ንጹሕ አድርገው አወጡ፤ አሠራሩንም ለዓለም አሳወቁ። አውቶቡሱን ያወደው ነገር ለእነሱ መጣራት ያለበት ጉድፍ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው በዛሬ ሕግ የሚያስከስስ ሙከራ ነው። መሹላም ወዳጆቻቸውን ቤት ጠሩ፤ ባለቤታቸው ዳሊያ ኬክ ጋገሩ። አምስት ሰው 10 ሚሊግራም ቲ.ኤች.ሲ ያለበትን ቁራሽ በላ፤ አምስቱ ባዶውን። ባዶውን የበሉት ምንም አልሆኑም። የቀሩት አምስቱ ሁሉም ተነኩ፤ አነካካቸው ግን አልገጠመም። አንዱ ወሬ ማቆም አቃተው፣ አንዱ ሳቅ በሳቅ ሆነ፣ አንዱን ደግሞ ጭንቀት ያዘው። የተጨነቀውን እንግዳ እዚሁ እናቆየው፤ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሠላሳ ዓመት ገደማ በፍጥነት ሊታለፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። በ1988 አሊን ሃውሌትና ዊልያም ዴቫን ቲ.ኤች.ሲ አንጎል ውስጥ የሚቀመጥበትን ተቀባይ አገኙ። ተቀባይ ማለት በሴል ግድግዳ ላይ ያለ ጓጉንቸር ነው፤ ቁልፉ ሲገባለት ብቻ ይከፈታል። በ1992 የመሹላም ቡድን አካላችን ራሱ የሚያመርተውን ቁልፍ ከአሳማ አንጎል አወጣና በሳንስክሪት ደስታ ማለት ከሆነው ቃል አናንዳማይድ አለው። በ1993 ሁለተኛ ጓጉንቸር ተገኘ፤ ሲቢ-2 ይባላል። ይኼኛው በብዛት የሚገኘው ከአንጎል ይልቅ ሰውነትን በሚከላከሉ ሴሎች ላይ ነው። የመጀመሪያው፣ ሲቢ-1፣ ሲከፈት ሰው ይሰክራል። ሁለተኛው ሲከፈት እብጠትና ቁጣ ይበርዳል እንጂ አይሰከርም። ይህ ልዩነት ለትረካችን ቁም ነገሩ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሽታው የለም።

የካናቢስን ሴቴ አበባ በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ግን ሽታውና አስካሪው የት እንደሚኖሩ ያውቃል። አበባው ላይ ጤዛ የመሰሉ ጠብታዎች አሉ። ቀረብ ሲባል ጠብታዎቹ እንደ እንጉዳይ ናቸው፤ ቀጭን እግር፣ አናቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ ጭንቅላት። ሙጫው ያለው በዚያ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሐሺሽ ማለት እነዚህ ጭንቅላቶች ረግፈውና ተሰብስበው የተጋገሩበት ነው። ተክሉ ሽታውንም የሚያሰክረውንም የሚያበስለው እዚያችው ትንሽ ድስት ውስጥ ነው፤ ለሁለቱም ከሚጠቀምባቸው ግብዓቶች አንዱ የጋራ ነው፤ አሥር ካርቦን ያላት አንዲት ቁራጭ። ተርፒኖች የሚሠሩት አምስት አምስት ካርቦን እንደ ዶቃ እየተሰካኩ ነው። ሁለት ዶቃ ሲሆን ቀላሎቹ ይመጣሉ፤ ሎሚ ሎሚ የሚለው ሊሞኒን፣ የጥድ ሽታ ያለው ፓይኒን፣ በበሶብላችን ውስጥም ያለው ሊናሎል፣ ሚርሲን። ሦስት ዶቃ ሲሆን ከበድ ያሉት፤ ካርዮፊሊንና ሁሙሊን። ሁሙሊን ስሙን ያገኘው ፈረንጅ ቢራውን ከሚያመርርበት ከሆፕ ተክል ነው። ሆፕና ካናቢስ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የእኛ ጌሾ ሥራው ያው ቢሆንም በዘር አይገናኛቸውም።

በ1998 የመሹላም ቡድን አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሰውነታችን ከሚያመርታቸው ቁልፎች አንዱ ለብቻው ሲሰጥ ደከም ይላል፤ አብረውት የሚመረቱት፣ ብቻቸውን ምንም የማይሠሩ ቅባቶች ሲጨመሩበት ግን ይበረታል። ይህን የአጀብ ውጤት አሉት፤ ሹሙ ከነአጃቢው ሲሄድ ግርማው እንደሚጨምር ዓይነት። በሚቀጥለው ዓመት ተክሎችም ከነጠላ ቅመማቸው ይልቅ በሙሉ የሚሻሉት በዚህ ይሆናል ብለው ግምት ጣል አደረጉ። ከዚያ ቃሉ እግር አወጣ። ዛሬ ካናቢስ በተፈቀደባቸው አገሮች ሱቁ ሁሉ ይህን ቃል ይለጥፋል፤ ይኼኛው ሽታ ያስተኛል፣ ያኛው ያነቃል እያለ ይሸጣል። ቃሉ ሲወለድ ስለ ሽታ አንድም ነገር እንዳላለ የሚያነሳ ሻጭ አላጋጠመኝም።

ሽታው ራሱ መድረክ ላይ የወጣው በ2008 ነው፤ ዙሪክ። ከተማዋ ለተርፒን እንግዳ አይደለችም። ዶቃዎቹ የሚሰካኩበትን ደንብ አብራርቶ የተናገረውና በ1939 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሌኦፖልድ ሩዢችካ እዚያው በፌዴራል ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተምር ነበር። በዚያው ተቋም ዩርግ ጌርች የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ጥያቄ ያዙ። ቀዩ ዘይት ይቅርና የሽታው ዘይት ከጓጉንቸሮቹ አንዱን ይከፍት ይሆን?

ከፈተ። ቤታ ካርዮፊሊን ሲቢ-2 ላይ ልክክ ብሎ ገባ፤ ሲቢ-1ን ግን አልነካም። ማለትም አያሰክርም። ለማረጋገጥ አይጦች መጡ። መዳፋቸው ላይ እብጠት የሚያስነሳ ነገር ተወጉና በየኪሎ ክብደታቸው 5 ሚሊግራም ካርዮፊሊን በአፍ ተሰጣቸው፤ እብጠቱ በእጅጉ ቀነሰ። አሁን ደግሞ የሲቢ-2 ጓጉንቸር እንዳይኖራቸው ተደርገው በተረቡ አይጦች ላይ ያው ሙከራ ተደገመ። እነሱ ላይ መድኃኒቱ አልሠራም። እንዲህ ያለ ማስረጃ ደስ ይላል። ጓጉንቸሩ ሲነሣ ቁልፉ ሥራ ፈታ፤ በሩን የከፈተው ሌላ ነገር ነው ማለት አይቻልም።

ጽሑፋቸው ካርዮፊሊንን የምግብ ካናቢኖይድ ይለዋል። ምግብ ያሰኘው ካርዮፊሊን የካናቢስ ብቻ ስላልሆነ ነው። የቁንዶ በርበሬ ነው። የቅርንፉድ ነው፤ ስሙም የወጣው ከቅርንፉድ የላቲን መጠሪያ ነው። የቀረፋም ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ አሥር ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ሙቀጫ ውስጥ ጣልኩ። በመጀመሪያው ምት የወጣው ስል፣ ጥድና ሎሚ የሚል ሽታ ነው፤ ፓይኒንና ሊሞኒን። ዓይን ሳይጨፈን አፍንጫ ውስጥ ይገባል፤ ወዲያው ይበናል። ሙቀጫውን ትቼው ቡና አፍልቼ ስመለስ ያ ስለት የለም። የቀረው ሞቅ ያለ፣ እንጨት እንጨት የሚል፣ ከሥር የሚሸት ነገር ነው። ካርዮፊሊን ያ ነው፤ ሦስት ዶቃ ስለሆነ ቶሎ አይበንም። (ምላስን የሚያቃጥለው ሌላ ነው፤ እሱ ከነጭራሹ አይሸትም።) የሚፈላበትን ሙቀት ብፈልግ 260 ዲግሪ አካባቢ አገኘሁ። እነ ውድ በ1896 ጽፈው ያለፉት ወፈር ያለ ዘይት የወጣው እዚያው ላይ ነበር።

ፖሊሶች ከኬሚስቶች ቀድመው ነበር ካርዮፊሊንን ያከበሩት ማለትም ይቻላል። አነፍናፊ ውሾች ሐሺሽ ሲፈልጉ የሚከተሉት ቲ.ኤች.ሲን እንዳልሆነ ገና በ1970ዎቹ ጀርመን ውስጥ ታይቷል። ቲ.ኤች.ሲ በቀላሉ አይበንም፤ ስለዚህ ውሻ አፍንጫ ድረስ አይመጣም። የሚያስጮኻቸው ካርዮፊሊን አየር ሲያገኘው የሚለወጥበት፣ ካርዮፊሊን ኦክሳይድ የሚባለው ነው።

የቅመም መደብ ያላቸው እናቶች በዚህ ይኩራሩ እንጂ ቁንዶ በርበሬ መድኃኒት ሆነ ብዬ አላውጅም። የአይጥ መጠን ቀጥ ብሎ ወደ ሰው አይሻገርም፤ ወጥ ውስጥ የሚገባውም ቁንጥር ነው። የቦን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2014 የነርቭ ሕመም ያለባቸውን አይጦች በካርዮፊሊን ማስታገሥ እንደሚቻል አሳይተዋል። እሱም አይጥ ነው።

በዚያው በ2008 ዓመት ኢየሩሳሌም ላይ የሆነውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ጉዳዩ እኛ ቤት ይገባልና። መሹላም በዚያን ጊዜ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ፕሮፌሰር ነበሩ። ከእሳቸው ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች እጣን ያዙ። በየሃይማኖቱ የሚጤሰው ይህ ሙጫ ውስጥ መንፈስ የሚያረጋጋ ነገር ይኖር ይሆን ብለው ኢንሰንሶል አሲቴት የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ፤ አራት ዶቃ ነው። በመርፌ የወሰዱት አይጦች ፍርሃታቸው ቀነሰ፣ ተስፋ የመቁረጥ ምልክትም ለቀቃቸው። የከፈተው ጓጉንቸር ግን የካናቢስ አልነበረም። ቲ.አር.ፒ.ቪ-3 የሚባል፣ ቆዳ ላይ ሙቀት ከሚያሳውቁን በሮች አንዱ ነው። እሱ የሌላቸው አይጦች ላይ እጣኑ ምንም አላመጣም። ኢንሰንሶል አሲቴት በገፍ ከሚገኝባቸው ዛፎች አንዱ የመተማና የትግራይ ቆላ የሚያበቅለው የእኛው የእጣን ዛፍ ነው። በቡና ሰዓት የምናጤሰው ማለት ነው። ከማጨሻው ላይ የሚወጣው ጢስና በመርፌ የሚገባ ንጹሕ ቅመም አንድ እንዳልሆኑ ለማስታወስ ያህል ብቻ እዚህ ላይ ልግታ።

ወደ አጀቡ እንመለስ። በ2011 አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ኢታን ሩሶ ሐሳቡን በሰፊው ጻፉት፤ እያንዳንዱ ተርፒን ቲ.ኤች.ሲን ወዴት ሊያዘነብለው እንደሚችል ዘረዘሩ። ከጠቀሷቸው አንዱ የመካከለኛው ዘመን ሐኪም አል-ራዚ ናቸው፤ የካናቢስ ስካር ለጎዳው ሰው ጎምዛዛ ፍራፍሬ ያዙ ነበር። ጽሑፉ ውብ ነው፤ ግን አብዛኛው ‹ይሆናል› ነው። ያን ‹ይሆናል› አውስትራሊያ ውስጥ የማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2019 ፈተኑት። ሲቢ-1ና ሲቢ-2 ያሉባቸው ሴሎች ላይ ስድስት የታወቁ ተርፒኖችን ለየብቻም ከቲ.ኤች.ሲ ጋርም አፈሰሱ። ምንም። የቲ.ኤች.ሲን ሥራ አልጨመሩለትም፣ አልቀነሱበትም። ካርዮፊሊን ራሱ በእነሱ መለኪያ ሲቢ-2ን ሲከፍት አልታየም። የዙሪክን ውጤት ያነበበ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም፤ ሳይንስ ውስጥ መለኪያው ሲለወጥ መልሱ የሚለወጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ታዲያ ተርፒኖቹ በሌላ በር ይገቡ ይሆን? በ2024 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው ጆን ስትራይከርና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ይህን ነው። አምስት የካናቢስ ተርፒኖች አይጥ ላይ የነርቭ ሕመምን ከሞርፊን በማይተናነስ መጠን አስታገሡ፤ የገቡበት በር ደግሞ የአዴኖሲን ተቀባይ ሆኖ ተገኘ። ቡና ጠጪዎች ከዚህ ተቀባይ ጋር ስሙን ሳናውቀው እንተዋወቃለን፤ ካፌይን እንቅልፋችንን የሚያባርረው እሱን በመዝጋት ነው። ግን የሠራው በመርፌ ሲሰጥ ነው፤ በአፍ ወይም በእንፋሎት ሲሆን ኃይሉ ደከመ። መጠኑም የአበባው ሽታ ከሚያመጣው እጅግ የበዛ ነበር። ሱቅ ውስጥ ስለሚሸጠው ጠርሙስ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገዢው ይመዝነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቀው በ2021 ከካሊፎርኒያ የመጣው ዜና ነው። የካናቢስ ልዩ ምልክት ተደርጎ የሚወሰደው ያ ጠንከር ያለ፣ ጎረቤት የሚያስነሣ ሽታ የተርፒን አይደለም። ድኝ ያለባቸው፣ እጅግ ጥቂት የሆኑ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ዋናው ፀሐይ የመታው ቢራ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሸተው ያው ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሽታ ሲባል ተርፒን ስንል ኖረን፣ ከሁሉ የሚጮኸውን ሳናየው ቀርተናል።

አሁን ያ በኬክ የተጨነቀ እንግዳ። ባልቲሞር ውስጥ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 20 ጤነኛ ሰዎች ጠሩ። በተለያየ ቀን፣ ሰጪውም ተቀባዩም የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ፣ ቲ.ኤች.ሲ ብቻ፣ ሊሞኒን ብቻ፣ ሁለቱንም በተለያየ መጠን፣ ወይም ባዶውን በእንፋሎት ሳቡ። በ2024 የወጣው ውጤት ይህ ነው። 30 ሚሊግራም ቲ.ኤች.ሲ ብቻውን ሲወሰድ ብዙዎቹን አስጨነቃቸው፣ ሰው ሁሉ ያየኛል አሰኛቸው። 15 ሚሊግራም ሊሞኒን ሲጨመርበት ጭንቀቱና ጥርጣሬው ቀነሰ። ስካሩ እንዳለ ነው፤ የልብ ትርታውም፣ የማስታወስ መዳከሙም አልተለወጠም። ሊሞኒን ለብቻው ሲሳብ ከባዶው አልተለየም። 20 ሰው ጥቂት ነው፣ ጤነኞችም ናቸው። ቢሆንም ይህ አይጥ አይደለም፣ የሴል ሰሐን አይደለም፤ አንድ ሽታ ከአስካሪው ጋር ሰው ውስጥ ሲገናኝ አንድ ነገር ሲለውጥ ታየ፣ ተለካ።

ሊሞኒን በብዛት የሚወጣው ከብርቱካን ልጣጭ ነው። ያ አውቶቡስ አምስት ኪሎ ሐሺሽ ይዞ የገባባት ርሖቮት ደግሞ በዚያ ዘመን የምትታወቀው በብርቱካን እርሻዋ ነበር።